ከእንጉርጉሮ ወደ ሥራ ዜማ

ሙዚቃ ከሕዝብ ኑሮ ተነጥሎ የቆመበት ዘመን የለም። በአገራችን ገበሬው ሲያርስ፣ ሲያጭድና ሲወቃ፣ እናት ስትፈጭና ልጇን ስታባብል፣ እረኛው ከብቱን ሲያግድ፣ አርበኛው ለዘመቻ ሲነሣ እያንዳንዱ የየራሱ ዜማ ነበረው፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አለው። እነዚህ ዜማዎች ለመዝናኛ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። ክንድን ከክንድ ያቀናጃሉ፣ ድካምን ያቀላሉ፣ ለጋሚውን ያነቃቃሉ፣ ብርቱውን ያወድሳሉ። በአጭሩ ዜማ እንደ ማረሻውና እንደ ማጭዱ ሁሉ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል።

ይህን መነሻ ይዘን ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ሰፊውን ሕዝብ ለተግባር የሚያነሣሣው ሙዚቃ ምን ዓይነት ነው? ስለ ዛፍ፣ ስለ ዝናብና ስለ ምድር የሚያወሱ መዝሙሮች በራዲዮና በቴሌቪዥን አልጠፉም። በየክረምቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ፤ መስከረም ሲጠባ ይረሳሉ። እንግዲህ ጉድለቱ በዘፈን ቁጥር ማነስ ላይ አይደለም። ጉድለቱ ዘፈኑና ሥራው በመለያየታቸው ላይ ነው። የእኛም እምነት ሕዝብን ለተግባር የሚያነሣው ዜማ ከሥራው ጋር ተፈጥሮ ከሥራው ጋር የሚዘልቀው ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ያለንበትን ተጨባጭ ሁኔታ እንመልከት። የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት በአማካይ በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ማለቱን በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰባሰቡ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቦረናና በሶማሌ ክልል የሚኖረው አርብቶ አደር ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ኑሮ ዐውቆታል። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው፣ ከብቱ በየሜዳው አልቆ፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ድርቅ የመረመሩ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ሰው ሠራሹ ሙቀት እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ወደ 100 ጊዜ ያህል እንዳሳደገው ገልጸዋል።

ጉዳዩ የአርብቶ አደሩ ብቻ ነው የሚል የከተማ ነዋሪ ቢኖር ተሳስቷል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ 90 በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ግድቡ ይጎድላል፤ ግድቡ ሲጎድል የፋብሪካው ሞተር ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል ሥራ ፈትቶ የዋለ ሠራተኛ ይህን አይዘነጋውም። በሌላ በኩል ዝናቡ በአንድ ጊዜ ሲወርድ በቆሻሻ የተደፈነው የሰፈር ቦይ ሞልቶ ከወንዝ ዳር ያለውን ጎጆ ያጥለቀልቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓለም ወደ አየር ከሚለቀው በካይ ጋዝ የመላው አፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 ገደማ ብቻ መሆኑ የነገሩን ኢፍትሐዊነት ያሳያል። እንግዲህ ትግላችን ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ ወገን በደጃችን ያለውን ሥራ መሥራት፣ በሌላ ወገን የደረሰብንን በደል ለዓለም ማሳወቅ ነው። ሙዚቃችን ለሁለቱም መድረስ አለበት።

ስለ ድርቅና ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነውን ዘፈን ዓለም ያወቀው በ1977 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን አሰባስበው ባንድ ኤይድ በሚል ስም ዘፈን አወጡ። በጥር ወር ደግሞ ማይክል ጃክሰንና ሊዮኔል ሪቺ የደረሱትን ዘፈን የአሜሪካ ዘፋኞች በአንድነት ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ትርኢት በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ። በእነዚህ ሥራዎች የተሰበሰበው ገንዘብ እህልና መድኃኒት ሆኖ ወገኖቻችንን ደርሷል። በዚያ ረሀብ ጊዜ እጁን የዘረጋውን ሰው ማመስገን የጨዋ ሕዝብ ባሕርይ ስለሆነ፣ ይህን ከመናገር ወደ ኋላ አንልም።

ሆኖም ምስጋና ሒስን አያስቀርም። የለንደኑ ዘፈን የዓባይን ምንጭ የያዘችውን አገር ውኃ አልባ ምድረ በዳ አስመስሎ ሣላት። የሚያርስ ገበሬ፣ እርከን የሚሠራ ማኅበር፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ጎረምሳ በዘፈኑ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ የቀረቡት እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የረሀቡም መንሥኤ አልተጠየቀም። ጦርነትም ሆነ የመሬት መራቆት፣ የሥርዓት ጉድለትም ሆነ የዓለም ንግድ አድልዎ ሳይነሣ፣ ነገሩ ሁሉ ከሰማይ የወረደ መዓት ተደርጎ ታየ። ስለዚህ ዘፈኑ አድማጩን ገንዘብ እንዲሰጥ አነሣሣው እንጂ ድርቁ በመጣበት ምድር የሚኖረውን ሰው የሥራ ባለቤት አላደረገውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዘፈኑ በ40ኛ ዓመቱ እንደገና ተዘጋጅቶ ሲወጣ ከአፍሪካውያን በኩል የተሰማው ተቃውሞ ከዚህ የመነጨ ነበር።

የኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ሰዎች በበኩላቸው በ1980 ዓ.ም. ሕዝብ ለሕዝብ በተባለው ጉዞ ወደ ብዙ አገሮች ዞረው የእርዳታ እጃቸውን ለዘረጉ ሕዝቦች ምስጋና አቅርበዋል። ክራሩን፣ መሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን ይዘው በመድረክ ላይ ሲቆሙ ዓለም በቴሌቪዥን ካየው ምስል ሌላ ኢትዮጵያ መኖርዋን አስመስክረዋል። ይህ የክብር መልስ ነበር። ነገር ግን ምስጋናም ቢሆን ሥራውን አይሠራም። ሦስተኛ ዓይነት ዜማ ያስፈልጋል፤ እርሱም በእጃችን ያለ ነው።

ወደ ቦረና እንመለስ። በዚያ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁ ዘጠኝ ታላላቅ የጉድጓድ ሥፍራዎች አሉ፤ ቱላ ይባላሉ። ጉድጓዶቹ እጅግ ጥልቅ ናቸው። በበጋ ወራት ወጣቶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከሌላው በላይ ተሰልፈው በመቆም፣ በውኃ የተሞላውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጡታል፤ ባዶውን ደግሞ በዚያው ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዜማ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከብቱን ያወድሳሉ፣ እርስ በርሳቸው ይበረታታሉ። ዜማው ቢቋረጥ እጅ ከእጅ ይሳሳታል፣ ውኃውም ይደፋል። ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚያስከብር ኃላፊ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ትምህርት አለ። የውኃው ሥርዓት፣ የሰዉ አደረጃጀትና ዜማው በአንድነት ተያይዘው የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። ዜማው ብቻውን ተነጥሎ ወደ መድረክ ቢወጣ ያምራል፤ ውኃ ግን አያወጣም።

በሰሜንና በመካከለኛው አገር ያለው የደቦ፣ የወንፈልና የጅጌ ዘፈንም ከዚህ የተለየ አይደለም። የአንዱ ገበሬ አዝመራ በጎረቤቶቹ ክንድ ሲሰበሰብ አውራጁ የየሰዉን ስም እየጠራ ያሞግሳል፣ ያዘገመውን በጨዋታ ይነካዋል። ሁሉም ተቀባይ ነው፤ ቆሞ የሚያደምጥ ታዳሚ የለም። ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን የሚለው የመረዳዳት ውል ከዘፈኑ ሥር አለ። ይህን ውል የማያውቅ ዘፈን ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የሌሎች ሕዝቦች ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። በአሜሪካ የሀድሰን ወንዝ በፋብሪካ ዝቃጭና በከተማ ፍሳሽ በተበከለበት ጊዜ፣ ፒት ሲገር የተባለው የሕዝብ ዘፋኝ ከጓደኞቹ ጋር በወንዙ ዳርቻ ባሉ ከተሞች እየዘፈነ መዋጮ አሰባሰበ። በዚያም መዋጮ ክሊርወተር ማለትም ንጹሕ ውኃ የተባለች የሸራ መርከብ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1969 ውኃ ላይ ዋለች። መርከቢቱ ተማሪዎችንና ነዋሪዎችን እያሳፈረች የወንዛቸውን ሁኔታ በዐይናቸው እንዲያዩ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1972 የአገሪቱ የውኃ ብክለት ሕግ ሲጸድቅ፣ ለሕጉ መውጣት ከታገሉት ብዙ ወገኖች መካከል እነዚህ ይገኙበት ነበር። ዘፈኑ ሕጉን አላወጣም። ዘፈኑ መርከብ ሠራ፣ መርከቢቱ ሰዎችን አሰባሰበች፣ የተሰባሰቡት ሰዎች ደግሞ ጠየቁ። ሂደቱ ይህ ነው።

በአህጉራችንም የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ያስጀመረው ታላቁ አረንጓዴ ግንብ ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር በሚዘልቅ የሳህል መቀነት ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ግብ አስቀምጧል። የማሊዋ ድምፃዊት ኢና ሞጃ ይህን መስመር ተከትላ ከሴኔጋል ተነሥታ እስከ ኢትዮጵያ በመጓዝ ከየአገሩ ሙዚቀኞች ጋር የዘፈነችበት ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ቀርቧል። የጉዞዋ ፋይዳ ከየመሬቱ ባለቤት አንደበት መነሣትዋ ነው። በዚህም ሥራዋ ከሩቅ ሆኖ ከሚያዝን ዘፈን ይለያል።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንግባ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ዘመቻው ቀጥሏል። በዚህ ሥራ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን ችግኝ የተተከለ ዕለት ዛፍ አይሆንም። ዛፍ የሚሆነው በጥር ሲጠጣ፣ በመጋቢት ከከብት ሲጠበቅ፣ ከሦስትና ከአራት ክረምት በኋላ ሥሩ ሲይዝ ነው። ዘፈናችን ግን እስካሁን የሚያውቀው የሐምሌን አንድ ቀን ብቻ ነው። ለተከላው መቶ ዘፈን ሲኖረን ውኃ ለማጠጣቱ አንድ እንኳ ማግኘት ያዳግታል።

ታሪካችን በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት አስተምሮናል። በ1970ዎቹ በብዙ አውራጃዎች ሰፊ እርከን ተሠርቷል፣ ተራሮች በችግኝ ተሸፍነዋል፤ መፈክርና መዝሙርም አልጎደለም ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ግን በየቦታው ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑ ፈረሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበሬው ዛፉን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ አላየውም፤ የተከለውም በትእዛዝ እንጂ በውል አልነበረም። ከላይ የተጫነ ሥራን የትኛውም ጥሩ ዜማ የሕዝብ ሊያደርገው አይችልም።

ከዚህ በተቃራኒ በወላይታ ሁምቦ የሆነውን እንመልከት። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በተራቆተው ተራራ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬት ለአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጥቶ፣ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ተረጋገጠላቸው። ነዋሪዎቹ ከብትና መጥረቢያ ወደ ተራራው እንዳይወጣ ተስማሙ። በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ከአሮጌው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ እየመረጡና እየገረዙ አሳደጉት። ደኑ ተመለሰ፤ ከካርቦን ሽያጭም ገቢ አገኙ። እንግዲህ ከምድር በታች ሕያው ሆኖ የቆየ ሥር አለ፤ የሚጠብቀው የሚንከባከበውን እጅ ነው። ለሚተከለው እንደምንዘፍን ሁሉ ለሚጠበቀውም መዝፈን ይገባናል።

ስለሆነም በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ፣ በየሠራተኛ ማኅበሩና በየትምህርት ቤቱ ለሚገኙ የኪነት ቡድኖች አምስት ነጥቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ግጥሙ ሥራውን በስሙ ይጥራ። ተፈጥሮን እንጠብቅ የሚል ጥቅል ቃል ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። ከሰኔ በፊት የሚጠረገው ቦይ የትኛው ነው? ችግኙ ሲተከል ላስቲኩ መቀደድ አለበት ወይስ የለበትም? ላስቲኩ ሳይወልቅ ስለ ተቀበረ ሥሩ ታፍኖ የደረቀው ችግኝ ጥቂት አይደለም። ይህን በሁለት ስንኝ የሚያስተምር ዘፈን ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ዜማው አውራጅና ተቀባይ ይኑረው። ተቀርጾ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ሙዚቃ ሠራተኛውን ተመልካች ያደርገዋል። አውራጁ ከሥራው ሰው መካከል ይውጣ፤ ተቀባዩም አካፋ የያዘው ሁሉ ይሁን። የዜማው ምት የአካፋውን ምት ይከተል።

ሦስተኛ፣ ዘፈኑ ወቅትን ይከተል። ለሐምሌ የተከላ፣ ለጥቅምት የቆጠራ፣ ለጥር የማጠጣት፣ ለመጋቢት የጥበቃ ዜማ ይኑረን። ልጆቻችን በነሐሴ ሆያ ሆዬ እያሉ፣ በመስከረም ልጃገረዶቻችን አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ጊዜው ተከላው ካለቀ በኋላ ነው። እነዚህ ልጆች በሚያውቁት ዜማ ላይ አዲስ ስንኝ ጨምረው የደጁን ችግኝ ደኅንነት ለባለቤቱ ቢጠይቁት፣ ዐሥር ተቆጣጣሪ ከሚሠራው የበለጠ ይሠራሉ። በልጅ ፊት የደረቀ ችግኝ ማሳየት ለማንም ያሳፍራልና።

አራተኛ፣ በሕዝቡ ቋንቋና ቅኝት ይዘፈን። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝት ያደገበትን ሰው ልብ በባዕድ ምት ለመንካት መሞከር ድካም ነው። እንደዚሁም በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በወላይትኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ያለው የሥራ ዘፈን ተሰብስቦ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለዛሬው ሥራ ያውሉት። ከአማርኛ እየተረጎሙ ማከፋፈል ሕዝብን ማክበር አይደለም።

አምስተኛ፣ ዘፈኑ እውነቱን ይናገር። ችግኝ ከመኪና ወርዶ በመንገድ ዳር ደርቆ ከቀረ፣ የተተከለው ተቆጥሮ የጸደቀው ካልተቆጠረ፣ ፋብሪካው ዝቃጩን ወደ አቃቂ ወንዝ ከለቀቀ ይህ በዘፈን ሊነገር ይገባል። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ በሰምና ወርቅ ሹሙን ሲገሥጽ የኖረው ሕዝቡ ዝም ያለውን እየተናገረ ነው። ውዳሴ ብቻ የሚያውቅ የኪነት ቡድን ለባለሥልጣን ይጥም ይሆናል፤ ሕዝቡን ግን ያስተኛዋል። ሒስን የሚፈራ ኃላፊም የችግኙ ወዳጅ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ሙዚቃ የስሜት ነገር ነው፤ የአየር ንብረት ደግሞ የሳይንስና የገንዘብ ጉዳይ ነው ሊለን ይችላል። ሳይንስና ገንዘብ እንደሚያስፈልጉ አንክድም። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. የፋሽስት ወረራ በደጃፍ ሲቆም የሀገር ፍቅር ማኅበር በዲስኩርና በዘፈን ሕዝቡን ለመቀስቀስ ተመሠረተ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም መዝሙሩ ከፊደል ገበታው ጋር እየተጓዘ ሽማግሌውንና እናቲቱን ወደ ትምህርት ጣቢያ ጠርቷል። ዘፈን ጥይት ሆኖ አልተኮሰም፤ ፊደልም ሆኖ አልተነበበም። የሠራው ሥራ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ማሳወቁ ነው። ብቻውን ሆኖ አንድ ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ምን ዋጋ አለው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር እየዘፈነ የሚያጠጣ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ጊዜውም የሚያስቸኩል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። የዓለም መልእክተኞች ሲመጡ ምን ዓይነት ዘፈን እንዲሰሙ እንፈልጋለን? በ1977 ዓ.ም. ስለ እኛ የተዘፈነውን የልመና እንጉርጉሮ ደግመን እናሰማቸው? ወይስ እንግዳ ለመቀበል ብቻ የሚጨፈረውን ጭፈራ? የቦረናው የጉድጓድ ዜማ፣ የደቦው ተቀባይ፣ የሰፈሩ ቦይ ጠራጊ ማኅበር መዝሙር ቢሰማ ግን ሌላ መልእክት ያስተላልፋል። እኛ የድርሻችንን በክንዳችን እየሠራን ነው፤ ለተጎዳነው ተገቢው ካሳ፣ ለሥራችን ተገቢው ድጋፍ ይከፈለን ብሎ ቀጥ ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ድምፅ ይሆናል። ሥራ ያለበት ዘፈን ልመና አይመስልም።

እንግዲህ የየሰፈሩ የኪነት ቡድን ልምምዱን ከአዳራሽ ወደ ችግኙ ሥር ያውጣ። የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር የምሳ ሰዓት ዜማውን ስለሚያፈሰው ቧንቧና ስለሚባክነው ውኃ ይድረስ። የዕድሩ ዳኛ ቦይ በሚጠረግበት ቀን ከአካፋው ጋር ከበሮም ይዘጋጅ ይበል። ያን ጊዜ የሐምሌ ዘፈን በጥርም ይሰማል፤ በጥር የተዘፈነለት ችግኝም ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።

ዜማችን ከሥራችን አይለይ!